ጠብ የማያስነሣ የጠቅላላ እውቀት ውድድር እንዴት ይዘጋጃል? ከምድር፣ ከእንስሳትና ከቃላት መነሻ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ትምህርት ቤት የወላጆች ቀን ላይ የጥያቄና መልስ ውድድር እንድመራ ተጠየቅሁ። ቀላል መስሎኝ ጥያቄዎቹን የዋዜማው ማታ ተቀምጬ ጨረስኳቸው። ሦስተኛው «የራስ ዳሸን ተራራ ከፍታ ስንት ሜትር ነው?» የሚል ነበር። አንዱ ቡድን 4,620 አለ፤ ሌላው 4,550። እኔ የያዝኩት ወረቀት 4,620 ይላል፤ ልጅ ሆኜ የተማርኩት እሱን ነዋ! ሁለተኛው ቡድን ግን መጽሐፉን ከቦርሳ አውጥቶ ገጹን ገልጦ አሳየኝ። አንድ አባት ከኋላ ተነሥተው «እኛ የተማርነው 4,620 ነው!» ሲሉ፣ አንዲት እናት ስልካቸውን ከፍተው 4,533 የሚል ሦስተኛ ቁጥር ይዘው መጡ። ዝግጅቱ በጭብጨባ ሳይሆን በጭቅጭቅ አለቀ።

ጥፋቱ የልጆቹ አይደለም፤ የተራራውም አይደለም። ጥያቄው መጥፎ ነበር። ቢያውቁት አያስገርም፣ ቢስቱት አያስተምር፣ መልሱም እንደ መጽሐፉ ይለያያል። ከዚያ ወዲህ ለበዓል ቤተሰብ ሲሰበሰብ፣ ለሰፈር ልጆች፣ አንዳንዴም ለሰንበት ትምህርት ቤት ስጠየቅ የምሠራበት መንገድ የሚከተለው ነው። የሦስት ቀን ሥራ ነው፤ በአንድ ማታ ማለቁ ይቅርባችሁ።

መጀመሪያ የሚመጣውን ሰው ቁጠሩ

ይህ አጭር ነው። ሃያ ሰው ካለ አራት ቡድን ይበቃል። በየቡድኑ ትንሽ ልጅም ትልቅ ሰውም ይኑር። ልጆችን ለብቻ፣ ትልልቆችን ለብቻ ማድረግ ስሕተት ነው፤ ልጆቹ ስለ ዳይኖሰር የማያውቁት የለም፣ ትልልቆቹ ደግሞ ስለ ካዛንቺስ ያውቃሉ፣ ሁለቱ ሲቀላቀሉ ነው ጨዋታው የሚደምቀው። ለአንድ ሰዓት ያህል 24 ጥያቄ ይበቃል፤ በሦስት ዙር ስምንት ስምንት። እኔ 35 ጽፌ 11ዱን እጥላለሁ። የሚጣል ከሌለ መራጭ አልሆናችሁም ማለት ነው።

ከጥያቄው ሳይሆን ከመልሱ ጀምሩ

ብዙ ሰው ወረቀት ዘርግቶ «ስለ ምን ልጠይቅ?» ብሎ ይነሣል። እንዲህ ሲሆን የሚመጣው ጥያቄ ያው «የእንትና ዋና ከተማ ማን ትባላለች?» ነው። እናንተ በተቃራኒው ሂዱ። መጀመሪያ ሰምታችሁ «እንዴ!» ያላችሁበትን ነገር ጻፉ፤ ጥያቄው ከዚያ ይበጃል።

ደብተር ላይ ሦስት ዓምድ አስምሩ፦ ምድር፣ እንስሳ፣ ቃል። ያገኛችሁትን ነገር በየዓምዱ ስታስገቡ አንዳንዱ በአንዱ ብቻ አይወሰንም። ሁለቱን ወይም ሦስቱንም የሚነካ ነገር ካገኛችሁ ያ ወርቅ ነው፤ አንዱን የማያውቅ ተወዳዳሪ በሌላው በኩል ሊደርስበት ይችላላ።

የምወደው ምሳሌ የካናሪ ደሴቶች ነው። ከሞሮኮ ዳርቻ ፊት ለፊት ያሉ የስፔን ደሴቶች ናቸው። «ስማቸውን ያገኙት ከየትኛው እንስሳ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ቤቱ በአንድ ድምፅ «ከካናሪ ወፍ!» ይላል። አይደለም። ስሙ የመጣው በላቲን ውሻ ማለት ከሆነው «ካኒስ» ነው፤ የውሾች ደሴቶች እንደማለት። ቢጫዋ ወፍ ናት ስሟን ከደሴቶቹ የወሰደችው። ምድርም፣ እንስሳም፣ ቃልም በአንድ ጥያቄ፤ ደግሞ የተሳሳተውም ሰው ስቆ ይቀመጣል እንጂ አይከራከርም።

የዚህ ዓይነት ብዙ አለ። ሲንጋፖር በሳንስክሪት የአንበሳ ከተማ ማለት ነው፤ ደሴቲቱ ላይ ግን አንበሳ ኖሮ አያውቅም። ሴራሊዮን በፖርቱጋሎች አፍ የአንበሳ ተራሮች ነበረች። ካሜሩን ስሟን ያገኘችው ከሽሪምፕ ነው፤ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ፖርቱጋላውያን መርከበኞች አንዱን ወንዝ በዚህ የባሕር እንስሳ ብዛት ሰይመውት ነበር። ካምፓላ የኢምፓላ ኮረብታ ናት። ኦራንጉታን የሚባለው ዝንጀሮ መሰል እንስሳ በማላይ ቋንቋ «የጫካ ሰው» ማለት ነው።

ከእኛው አገር የሚነሡትን አትርሱ። ትልቁና ቀጫጭን መስመር ያለው የሜዳ አህያ በሳይንስ ዓለም የሚጠራው በፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት በዡል ግሬቪ ስም ነው፤ በ1880ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከአቢሲኒያ አንድ የሜዳ አህያ በስጦታ ተልኮላቸው ስለነበር። ሌላም አለ፦ «የሳይንሳዊ ስማቸው ክፍል ከአገራችን ስማቸው የተወሰደ ሦስት ነገሮች ጥቀሱ።» ዋልያ፣ ጭላዳና ጤፍ። በዓለም ላይ ያለ የእንስሳት ተመራማሪ ሁሉ ስለ ዋልያ ሲጽፍ ሳያውቀው በእኛ ቃል እየጻፈ ነው። ይህን ስናገር አንድ ጊዜ አንድ ሽማግሌ ከወንበራቸው ተነሥተው አጨበጨቡ፤ ነጥብም ባይኖረው አይቀንስም።

ጥያቄውን በወንፊት አጥሩ

እዚህ ላይ ጨካኝ ሁኑ። የምትወዱት ጥያቄ ቢሆንም ከሚከተሉት አንዱን ካላለፈ ይውደቅ፤ ወይም አነጋገሩ ይታረም።

መልሱ ጊዜ አልፎበት እንደሆነ እዩ። ጂኦግራፊ እንደ ወተት ነው፤ ሲቆይ ይበላሻል። በቆዳ ስፋት ከአፍሪካ ትልቋ አገር ሱዳን ናት ብለን ተምረናል፤ ደቡብ ሱዳን እ.ኤ.አ. በ2011 ነጻ አገር ከሆነች በኋላ አልጄሪያ ናት። ስዋዚላንድ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ኤስዋቲኒ ተብላለች። የካዛኪስታን ዋና ከተማ አስታና ነበረች፣ በ2019 ኑርሱልጣን ሆነች፣ በ2022 ተመልሳ አስታና ተባለች። የቡሩንዲን ዋና ከተማ ቡጁምቡራ ብሎ የሚመልስ አባወራ ሁሌም አለ፤ ጊቴጋ ናት። የድሮ መጽሐፍ ይዞ ጥያቄ ማዘጋጀት እንዲህ ያዋርዳል።

ቁጥር ያለበትን ጥያቄ ተጠራጠሩ። «በአፍሪካ ስንት አገር አለ?» የሚለው እንደ ራስ ዳሸኔ ጥያቄ ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት አባላትን የቆጠረ 54 ይላል፣ የአፍሪካ ኅብረትን የቆጠረ 55። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ወይ «የአፍሪካ ኅብረት አባላት» ብላችሁ ጠይቁ፣ ወይ ተዉት።

«ረጅሙ»፣ «ትልቁ»፣ «ከፍተኛው» ሲባል ጆሯችሁን አቁሙ። ረጅሙ ወንዝ ናይል ነው የሚለው እንደ ዳዊት የተደገመ ቢሆንም ከአማዞን ጋር ያለው ክርክር አላለቀም፤ መነሻው የትኛው ምንጭ ነው፣ መድረሻውስ የት ነው በሚለው ልኬቱ ይለዋወጣል። «የዓለም ትልቁ በረሃ» ካላችሁ አንዱ ሰሃራ ይላል፣ አንዱ ብልጥ አንታርክቲካ ይላል፤ ብልጡ ልክ ነው፤ በረሃ የሚባለው በሙቀቱ ሳይሆን በዝናቡ ማነስ ነውና። «ሞቃታማው» የምትል አንዲት ቃል ብትጨምሩ ጠቡ ይቀራል።

አንዳንዴ ግን ይህ ወጥመድ ራሱ ጥሩ ጥያቄ ይወጣዋል። «የአፍሪካ ዝቅተኛው ቦታ የት ነው?» ሲባል ኢትዮጵያዊ ሁሉ ዳሎል ይላል። ዳሎል በእርግጥ ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነው፤ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በተመዘገበው አማካይ ሙቀትም ክብረ ወሰን አለው፣ 34.6 ዲግሪ። ዝቅታውን ግን ጎረቤት ይበልጠናል፤ የጅቡቲው አሳል ሐይቅ 155 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። እዚህ ላይ የሚያጉረመርም ይኖራል፤ መልሱ ግን አንድ ነው።

ራስ ዳሸንንም ቢሆን አልጣልኩትም። አሁን የምጠይቀው እንዲህ ነው፦ «ከኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታ እስከ ዝቅተኛው ያለው ልዩነት ከ4 ኪሎ ሜትር ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» 4,620ም ያዙ፣ 4,550ም ያዙ፣ በስልካቸው 4,533 ያገኙት እናትም ይምጡ፤ መልሱ «ይበልጣል» ነው።

ዘመን የሚጠራ ጥያቄ ካለ የቀን አቆጣጠሩን እዚያው ጻፉ። ዓድዋ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው፤ በውጭ የተማረ ልጅ 1896 ቢላችሁ አልተሳሳተም። በተለይ ውጭ አገር ባሉ ወገኖች ቤት፣ አባት በአንዱ ልጅ በሌላው እየቆጠሩ በአንድ ቡድን ሲቀመጡ፣ ይህ ሳይጻፍ ቀርቶ ጠብ ሲነሣ በዓይኔ አይቻለሁ።

ስማቸው የሚዋሽ እንስሳት

የእንስሳት ጥያቄ ከእንግሊዝኛ ገልብጦ ማምጣት በአማርኛ አደጋ አለው። ትልቁ አደጋ ነብር ነው። የእኛ ነብር ነጠብጣብ ያለው፣ ዛፍ ላይ ወጥቶ የሚተኛው ነው። በእስያ ያለውን ባለ መስመሩን ታይገር ብዙ የትርጉም መጽሐፍ ነብር ብሎታል። ስለዚህ «ነብር በአፍሪካ ይገኛል?» ብትሉ ግማሹ አዎ፣ ግማሹ የለም ይላል፤ ሁለቱም በልባቸው ያለውን እንስሳ በትክክል ያውቁታል። ስለ እስያው ከሆነ ታይገር በሉት፤ ካልሆነም «ባለ መስመሩ» ብላችሁ አስረዱ። (የሲንጋፖርን ነገር ካነሣን፦ አንበሳ ያልነበረባት የአንበሳ ከተማ ታይገር ግን ነበራት።)

የሜዳ አህያና የዱር አህያም ይምታታሉ። የሜዳ አህያ ዝንጉርጉሩ ነው። የዱር አህያ ግን በአፋር ቆላ አካባቢ በጥቂቱ የቀረው፣ የቤት አህያችን የወጣበት ዘር ነው። «የአህያ ቅድመ አያት ማን ነው?» ብሎ ጥያቄ ማውጣት ይቻላል፤ ግን ሲነበብ ቃሉን ረገጥ አድርጎ ማንበብ ያስፈልጋል።

ቀይ ቀበሮ ደግሞ ስሙ ቀበሮ ይሁን እንጂ በዘር ምርመራ የቀረበው ለተኩላ ወገን ነው። በባሌ ሳነቴ አምባ ላይ ትልቁ መንጋው ይኖራል። በዓለም ያለው ጠቅላላ ቁጥሩ ከጥቂት መቶዎች አይዘልም፤ ከኢትዮጵያ ውጭም የለም።

እንዲህ ሲሆን አየሁና አንድ ሙሉ ዙር በዚሁ ላይ ሠራሁ፤ «ስሜ ይዋሻል» አልኩት። ጥያቄው የእንስሳውን ስም ይዞ «ስሜ የሚዋሸው ምኑ ላይ ነው?» ይላል። የሌሊት ወፍ፦ ወፍ አይደለችም፤ ወልዳ የምታጠባ፣ ክንፏን እያራገበች የምትበር ብቸኛ አጥቢ ናት። ዓሣ ነባሪ፦ ዓሣ አይደለም፤ እሱም ያጠባል፣ አየር ለመሳብም ከውሃው ብቅ ይላል። ጉማሬ በአማርኛ ስሙ አይዋሽም፤ ፈረንጆቹ የሚጠሩበት የግሪክ ስም ግን የወንዝ ፈረስ ማለት ነው፣ ፈረስነት ደግሞ የለበትም። አሁን ሦስቱን መልሱ ካለቀ በኋላ ይህችን ጣሉባቸው፦ «ዛሬ በሕይወት ካሉ እንስሳት ለጉማሬ የቅርብ ዘመዱ ማን ነው?» ዓሣ ነባሪ! ፈረስ ያልሆነው ፈረስ ዓሣ ላልሆነው ዓሣ ዘመድ። ቤቱ ጸጥ ይልና ከዚያ ይፈነዳል።

የቃል መነሻ፦ በጣም የሚጣፍጠው፣ በጣም የሚያሳስተው

ቃል ላይ ሁሉም ሰው ሊቅ ነው። «ጤፍ ጤፍ የተባለው ስለሚጠፋ ነው» የሚል አጎት በየቤቱ አለ። አባባሉ ያምራል፣ ለቡና ላይ ጨዋታም ይሆናል፤ በድምፅ መመሳሰል ላይ ብቻ የቆመ ታሪክን ግን ነጥብ አትስጡበት። ሕጌ አንድ ነው፦ ቃሉ ከየትኛው ቋንቋ፣ በየትኛው ትርጉም፣ በማን በኩል መጣ የሚሉትን ሦስቱንም መመለስ ካልቻልኩ አልጠይቅም።

ካንጋሮ ጥሩ ማስጠንቀቂያ ነው። ነጮቹ ያገሩን ሰው «ይህ እንስሳ ምን ይባላል?» ቢሉት «አላውቅም» አለ፤ «አላውቅም» በእነሱ ቋንቋ ካንጋሮ ነው፤ ስሙ እንዲያ ቀረ ይባላል። እኔም ሁለት ጊዜ ጠይቄዋለሁ፤ ይቅር ይበለኝ። ውሸት ነው። የካፒቴን ኩክ መርከብ እ.ኤ.አ. በ1770 በሰሜን ምሥራቅ አውስትራሊያ ለጥገና ቆማ ሳለ ሰዎቹ የመዘገቡት ቃል በጉጉ ይሚዲር ቋንቋ «ጋንጉሩ» ነው፤ አንድ የካንጋሮ ዓይነት በእርግጥ እንዲያ ይባላል። በ1970ዎቹ አንድ የቋንቋ አጥኚ እዚያው ሄዶ አረጋግጦታል። አሁን ጥያቄውን ገልብጬ «እውነት ወይስ ሐሰት» ውስጥ አስገባዋለሁ።

ሌላው የሚያጣላ «ኮፊ» የሚለው ቃል ከከፋ መጣ የሚለው ነው። ስሜቱ ይገባኛል። የከፋ ጫካ የቡና ቤት መሆኑን የሚክድ የለም። ቃሉ ግን ወደ አውሮፓ የገባው ከዐረብኛው «ቀህዋ» በቱርክኛ በኩል ነው፤ ቀህዋ ራሱ ከከፋ ይምጣ አይምጣ ደግሞ ሊቃውንቱን እስካሁን ያከራክራል። ስለዚህ ስለ ቡና ስትጠይቁ ስለ ተክሉ ጠይቁ፤ የቃሉን ነገር ተዉት። በበዓል ቀን የከፋን ሰው ማስቆጣት ምን ይጠቅማል?

አሁን ወደማይነቃነቁት። እነዚህ በማንኛውም ቤት ያስቃሉ፤ ማስረጃቸውም ጥርት ያለ ነው።

ሹፌር የፈረንሳይኛ ቃል ነው፤ ትርጉሙ «አሞቂ» ነው። በእንፋሎት ዘመን ሞተሩን የሚያቀጣጥለው ሰው ነበር እንዲህ የሚባለው። ባቡርም ከዚያው ከፈረንሳይኛ «እንፋሎት» ከሚለው ቃል ተነሥቶ በቱርክና በዐረብ አፍ ዞሮ መጣ። የአዲስ አበባው ቀላል ባቡርም ሆነ የጅቡቲው አዲሱ መስመር በኤሌክትሪክ ይሄዳሉ፤ እኛ ግን እስካሁን «እንፋሎት መጣ» እያልን ነው።

ጠረጴዛ ከግሪክ ነው። አቴንስ ሄዳችሁ መንገድ ላይ «ትራፔዛ» የሚል ጽሑፍ ካያችሁ የቤት ዕቃ መደብር አይምሰላችሁ፤ ባንክ ነው። ገንዘብ መንዛሪዎች ጠረጴዛ ዘርግተው ይቀመጡ ነበርና። ጥያቄውን በዚህ አታቁሙት፦ «ባንክ የሚለውስ ቃል?» ከጣሊያንኛ፣ አግዳሚ ወንበር ወይም የመንዛሪ ጠረጴዛ። ሁለት ሕዝብ፣ አንድ ሐሳብ።

ሳንቲም ከፈረንሳይ ነው፣ የመቶ ክፋይ። ብር ደግሞ የእኛው፣ የማዕድኑ ስም። አርጀንቲናም ስሟ ከላቲኑ ብር ነው፤ «በብር ስም የተጠራች አገር» ብላችሁ ብትጠይቁ ኳስ የሚወዱት ሁሉ ሲጨነቁ ታያላችሁ። ስለ ሳንቲም ካነሣን፣ የድሮው 10 ሳንቲም ጀርባ ላይ ያለው ቀንዳም እንስሳ ማን እንደሆነ ጠይቁ፤ ደጋ አጋዘን ነው። ሳንቲም ቆጥረው ከረሜላ የገዙ ሰዎች ስንት ዓመት በእጃቸው እንደያዙት አስበው ይደነግጣሉ።

የአዲስ አበባ ሰፈሮች ብቻቸውን አንድ ዙር ይሞላሉ። ፒያሳና መርካቶ ከጣሊያን መሆናቸውን ሁሉም ያውቃል፤ ማሞቂያ ይሁኑ። ለገሃር ፈረንሳይኛ ነው፣ ባቡር ጣቢያው ማለት። ካዛንቺስ ግን ጥቂት ሰው ነው የሚያውቀው፤ ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራው ተቋማቸው በምህጻረ ቃል «ኢንቺስ» ይባል ነበር፣ ቤቶቹም «ካዜ ኢንቺስ»። ሁለቱን አንድ ላይ ጥሩት።

ለመጨረሻው ዙር የማስቀምጠው ግን አቡጊዳ ነው። ቄስ ትምህርት ቤት አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ ብለን የጮኽንበት ቃል። እ.ኤ.አ. በ1990 ፒተር ዳኒየልስ የተባለ አሜሪካዊ የቋንቋ ሊቅ፣ እንደ ግእዝ ተነባቢውን ይዞ አናባቢውን በቅርጽ ለውጥ የሚያሳይ የአጻጻፍ ዘዴ ሁሉ በዚህ ስም እንዲጠራ አደረገ። ዛሬ ሂንዲ የሚጻፍበት ፊደል በቋንቋ ሳይንስ መጻሕፍት ውስጥ «አቡጊዳ» ተብሎ ይመደባል።

ፍንጭን በደረጃ አውርዱ

አንድ ዙር በፍንጭ ይሁን። በመጀመሪያው ፍንጭ የመለሰ 5 ነጥብ፣ በሁለተኛው 3፣ በሦስተኛው 1። አስቸጋሪው ፍንጭ መቅደም አለበት፤ የመጨረሻው ደግሞ ሕፃንም የሚመልሰው ይሁን።

ለምሳሌ፦ «ወንዝ ነኝ፤ ውሃዬ ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ድንበር ባለ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል።» ቀጥሎ፦ «እ.ኤ.አ. በ1974 ድንቅነሽ የተገኘችው በታችኛው ሸለቆዬ ነው።» በመጨረሻም፦ «የቆቃ ግድብ የተሠራው በእኔ ላይ ነው፤ በስሜም ብሔራዊ ፓርክ አለ።» አዋሽ።

ወይም፦ «አጥንት ስለምቆረጥም ኩሴ ነጭ ነው።» «በወገኔ ውስጥ የምታዝዘው ሴቷ ናት።» «ሐረር ላይ በየምሽቱ ሥጋ ያጎርሱኛል።» ጅብ ከተባለ በኋላ በትርፉ «ከውሻና ከድመት ለማን ይቀርባል?» በሉ። መልኩ ውሻ ቢመስልም ወገኑ የድመት ነው።

እውነት ወይስ ሐሰት

ይህ ዙር ለማረፊያ ነው፤ ፈጣን ይሁን። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፦ እንግዳ የሆነውን ሁሉ ሐሰት አታድርጉ፤ ልጆች በሦስተኛው ጥያቄ ይነቁባችኋል። ጃርት እሾኋን ትወረውራለች፦ ሐሰት፤ ሲነኳት ተነቅሎ ይሰካል እንጂ አይወረወርም። የግመል ሻኛ ውሃ ይይዛል፦ ሐሰት፣ ስብ ነው። ሰጎን ስትፈራ ራሷን አሸዋ ውስጥ ትቀብራለች፦ ሐሰት። ቀጭኔ በአንገቷ ያላት የአጥንት ቁጥር ከሰው ጋር እኩል ነው፦ እውነት፣ ሰባት። ኦክቶፐስ ሦስት ልብ አለው፦ እውነት። የአውስትራሊያው ዎምባት ኩሱ አራት ማዕዘን ነው፦ እውነት፤ እዚህ ላይ ልጆቹን ዝም ለማሰኘት ጥቂት ደቂቃ መድቡ።

አንድ ሰው ላይ ሞክሩት

ከዋዜማው በፊት ለማይወዳደር አንድ ሰው ሁሉንም ጮክ ብላችሁ አንብቡ። እኔ ለጎረቤቴ ለእትዬ አነብላቸዋለሁ፤ ቡና እያፈሉ ይሰማሉ። «እ?» ካሉኝ ዓረፍተ ነገሩ ረዝሟል። ሌላ መልስ ሰጥተው እኔም «እሱም ያስኬዳል» ካልኩ ጥያቄው ሞቷል። መልሱን ሰምተው ማፍላታቸውን ከቀጠሉ ደግሞ አሰልቺ ነው። ጀበናውን አስቀምጠው ቀና ካሉ ግን ያ ጥያቄ ለመጨረሻው ዙር ይቀመጣል።

በየጥያቄው ጀርባ ተቀባይነት ያላቸውን አጠራሮች ሁሉ ጻፉ። ራስ ዳሸንም ራስ ደጀንም፤ ድንቅነሽም ሉሲም።

በዕለቱ

አንባቢው አንድ፣ ዳኛው ሌላ ይሁን። ዳኛው ዘመድ የበዛበት ሰው ባይሆን ይመረጣል። ስልክ ሁሉ በአንድ ሰፌድ ላይ ይሰብሰብ። ጥያቄው ሁለት ጊዜ ይነበባል፣ ሠላሳ ሴኮንድ ይሰጣል፣ ቡድኑ በአንድ ሰው አፍ ይመልሳል።

ነጥቡን ሰሌዳ ላይ ጻፉ፤ ሽልማቱን ግን ከእንቆቅልሽ ተበደሩ። ልጅ ሆነን «ምን አውቅልህ» ብለን መልሱ ሲጠፋን «አገር ስጠኝ» እንባል የለ? የሳተው ቡድን ላሸነፈው አገር ይስጥ። ደንቡ ሁለት ነው፦ ቀድሞ የተሰጠ አገር አይደገምም፣ ሰጪው ደግሞ ስለዚያ አገር አንድ እውነተኛ ነገር መናገር አለበት። ጎንደርና ሐረር ወዲያው ያልቃሉ፤ ከዚያ በኋላ ሰው ሳይወድ በግድ ካርታ ማሰብ ይጀምራል።

ባለፈው ፋሲካ አንድ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ቡድኑ ተሸንፎ አገር ስጡ ሲባሉ ተነሥቶ «ሊክተንስታይን» አለ። አሸናፊዎቹ ተያዩ።

«የት ነው እሱ?»

«በስዊዘርላንድና በኦስትሪያ መሐል።»

«ምን አለው?»

«ወደብ የለውም» አለ ልጁ፤ «ጎረቤቶቹም ወደብ የላቸውም።»

የአሸናፊው ቡድን መሪ፣ ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ፣ ለአፍታ አሰቡና እጃቸውን አነሡ። «ዳኛ፣ ይህን አንቀበልም» አሉ። «የራሳችን ይበቃናል።»